በቀጥቃጩ ያፈረው ልጅና የፊታውራሪ መሸሻ ቤት

ዛሬ እዚህ ሺሺንዳ የምናገረው ስለ ልብ ወለድ መጻሕፍት ነው። በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ዲክንስና ጄን ኦስተን ከጻፏቸው ታላላቅ ልብ ወለዶች ሁለቱን ከእኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጎን አስቀምጬ የሰው ጠባይና የሚኖርበት ማኅበረሰብ እንዴት እንደተሳሰሩ ለማሳየት እሞክራለሁ። የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ሰውን ከሰው የሚያበላልጠው ሥርዓት በአዋጅ፣ በርስትና በማዕረግ ላይ ቆሞ ይታያል፤ ጠልቆ ሥር የሚሰደው ግን በሰው ልብ ውስጥ ነው። እዚያም በበታቹ ዘንድ ኀፍረት፣ በበላዩ ዘንድ ኩራት ሆኖ ይኖራል። አዋጁ ሲሻርና ርስቱ ሲከፋፈል ኀፍረቱና ኩራቱ ወዲያው አይሻሩም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። የነገሥታት ታሪክም ሆነ የግብር መዝገብ ይህን ቦታ ከፍቶ አያሳየንም። ይህን ሥራ የሚሠራልን ልብ ወለድ ነው፤ እኔም በዚህ ምክንያት ልብ ወለድን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ከሚቆጥሩት ጋር አልስማማም።

የእንግሊዝና የጎጃም ነገር ለካፋ ምኑ ነው የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ሙሉ መልሱን ኋላ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው ግን አንድ ነገር ላስታውስ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ለዚህ ምድር ባዕድ አልነበሩም። በዲማ፣ በደብረ ኤልያስና በሌሎችም የጎጃም አድባራት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምረው ያደጉት ሐዲስ በወጣትነታቸው ከራስ እምሩ ሠራዊት ጋር ሆነው ጣሊያንን ተዋግተዋል። ያ ሠራዊት ወደ ምዕራብ እያፈገፈገ ሲዋጋ ቆይቶ በመጨረሻ መንገዱ ሁሉ ሲዘጋበት እጁን የሰጠው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ፣ በካፋ ደጃፍ ላይ ነው። ሐዲስም በምርኮ ወደ ጣሊያን ተወስደው ፖንዛና ሊፓሪ በተባሉ ደሴቶች ዓመታት በእስር አሳለፉ። ከነፃነት በኋላ በዲፕሎማትነት ብዙ አገር አይተዋል፤ በለንደንም የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው ከዚያ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም. ነው። ይህን ስል ከእንግሊዞቹ ቀድተዋል ማለቴ አይደለም። የጻፉት የሚያውቁትን የጎጃም ኑሮ ነው። መጻሕፍቱን ጎን ለጎን የማኖረው አንዱ ከሌላው ስለተወለደ ሳይሆን ሁሉም አንድ ቁስል ስለነኩ ነው።

ከዲክንስ «ታላላቅ ተስፋዎች» ልጀምር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1860 እና በ1861 በሳምንታዊ መጽሔት ላይ በየክፍሉ እየታተመ ወጣ። ባለታሪኩ ፒፕ ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ነው፤ የሚያሳድጉት ቁጡ የሆነች ታላቅ እኅቱና ባሏ ጆ ጋርጀሪ ናቸው። ጆ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ማንበብ በቅጡ አይችልም፤ ልቡ ግን ሰፊ ነው፤ ለፒፕም አባትም ጓደኛም ሆኖ ኖሯል። ፒፕ አድጎ በጆ ወናፍ ሥር የሙያው ተማሪ ለመሆን ይጓጓ ነበር። አንድ ቀን ግን ሚስ ሃቪሻም ወደምትባል ባለጸጋ ሴት ቤት ተጠርቶ ሄደ። እዚያ ያደገችው ውብ ልጅ ኤስቴላ ከእሱ ጋር ካርታ ስትጫወት እጆቹ ሻካራ፣ ጫማዎቹ ወፍራም፣ አነጋገሩም የተራ ሰው እንደሆነ እያነሣች ናቀችው። ልጁ ከዚያ ቀን በፊት ስለ እጆቹ አስቦ አያውቅም ነበር። ከዚያ ቤት ሲወጣ ግን እጆቹን አየና ጠላቸው። ልብ በሉ፤ ማንም አልመታውም፣ ማንም ርስት አልነጠቀውም፣ ማንም አዋጅ አላነበበበትም። የተጨመረ ነገር ቢኖር አንዲት ልጅ ያየችበት ዓይን ብቻ ነው። ያ ዓይን ግን የፒፕ የራሱ ዓይን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ቤቱን፣ ወናፉን፣ ከሁሉም ይልቅ ጆን በኤስቴላ ዓይን ማየት ጀመረ። ዲክንስ ይህን ከውጭ ሆኖ አልጻፈውም። የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ አባቱ በዕዳ ምክንያት ማርሻልሲ በተባለው ወህኒ ቤት ሲታሰር እሱ የጫማ ቀለም በሚመረትበት ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠርቷል። በዓለም የታወቀ ጸሐፊ ከሆነም በኋላ ይህን ነገር ደብቆ ኖረ፤ አንባቢው ሕዝብ የሰማው ዲክንስ ከሞተ በኋላ ነው። በድሆች ስም እንዲህ አጥብቆ የጮኸ ሰው እንኳ በራሱ ድህነት ያፍር ነበር።

ፒፕ ማንነቱ ካልታወቀ ረጂ ሀብት ተሰጥቶት «ጨዋ ሰው» እንዲሆን ወደ ለንደን ሄደ። በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማከብረው ክፍል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጆ ሊጠይቀው ለንደን ይመጣል። ፒፕ የጆን መምጣት ሲሰማ ደስታ አልተሰማውም፤ ገንዘብ ከፍሎ ሊያስቀረው ቢችል ይመርጥ እንደነበር ራሱ ይናገራል። ጆ በማይመቸው የክት ልብስ ተወጥሮ ገባ፤ ባርኔጣውን የት እንደሚያኖር ጨነቀው፤ ያሳደገውን ልጅ አንዴ በስሙ፣ አንዴ «ጌታዬ» እያለ ጠራው። ሲሰናበት ግን ነገሩ ሁሉ እንደገባውና የእሱ ቦታ ለንደን እንዳልሆነ፣ ቂም ሳይይዝ ነገረው። እንግሊዛዊ አንባቢ በዚህ ቦታ ሊያዝን ይችላል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ ከሁሉም በላይ የካፋ አንባቢ፣ ግን ከዚህ የጠለቀ ነገር የሚያይ ይመስለኛል፤ ጆ ቀጥቃጭ ነዋ። እኛ ዘንድ ቀጥቃጭ ዝቅተኛ ሠራተኛ ተብሎ ብቻ አልታለፈም፤ በሰሜኑም በደቡቡም በቡዳነት ተጠርጥሯል፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ተብሏል፣ ልጁን የሚያገባ ጠፍቷል። ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂውም ዕጣቸው ይኸው ነበር። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም አልቀረም። ጆ በእንግሊዝ ቢናቅም ማዕዱን የሚፈራ ሰው አልነበረም። ሁለቱ ንቀቶች በልክ አንድ አይደሉም፤ የእኛው ይከብዳል። የሚሠሩበት መንገድ ግን አንድ ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላዋውን ከሰውየው እጅ እንቀበላለን፤ እጁን ራሱን ግን እንጸየፋለን።

ዲክንስ ነገሩን በዚህ አላበቃም። ፒፕ ረጂው ሚስ ሃቪሻም እንደሆነች እያመነ፣ ለኤስቴላም የታጨ እየመሰለው ዓመታት ኖረ። በመጨረሻ እውነቱ ሲወጣ ገንዘቡን ይልክ የነበረው ፒፕ በልጅነቱ ምግብና ሞረድ ያቀበለው፣ ኋላ ወደ አውስትራሊያ ተግዞ በበግ እርባታ የከበረ ማግዊች የተባለ ወንጀለኛ ሆኖ ተገኘ። በጨዋነት ስም የለበሰው ልብስ ሁሉ የተገዛው በእስረኛ ላብ ነው። ኤስቴላም፣ ያቺ በእጁ ሻካራነት የሳቀችበት ልጅ፣ የዚሁ ወንጀለኛ ልጅ ናት፤ እናቷም በነፍስ ግድያ ተከሳ የነበረች ሴት ናት። ደራሲው ይህን ያደረገው ታሪኩን ለማወሳሰብ ብቻ አይመስለኝም። በደም ይወረሳል የተባለው ጨዋነት አሳዳጊና ገንዘብ የሠሩት ነገር መሆኑን፣ የናቂና የተናቂ ዘር ሥሩ ቢቆፈር አንድ ላይ እንደሚገናኝ እየነገረን ነው። ፒፕም ሰው የሆነው ይህን ሲያውቅ ነው፤ አስቀድሞ የተጸየፈውን ማግዊችን በፍርድ ቤት ፊት እጁን ይዞ ቆመለት። ታሞ ሲወድቅ ያስታመመው፣ ዕዳውንም ከፍሎለት ድምፁን ሳያሰማ የሄደው ግን ያው ቀጥቃጩ ጆ ነው።

የጄን ኦስተን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» ከዚህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1813 ታተመ። ላይ ላዩን ሲያዩት የሳሎንና የጭፈራ ታሪክ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን የርስት ጉዳይ ነው። ሚስተር ቤኔት አምስት ሴቶች ልጆች አሉት፤ ርስቱ ግን ለወንድ ዘመድ ብቻ እንዲተላለፍ የታሰረ ስለሆነ አባትየው ሲሞት ልጆቹ ከቤታቸው ይወጣሉ። ስለዚህ ለእነዚህ ሴቶች ጋብቻ ማለት ጣራ ማለት ነው። ከልጆቹ አንዷ የሆነችው የኤልሳቤጥ ጓደኛ ሻርሎት ዕድሜዋ 27 ደርሶ ስለነበር የማትወደውን፣ የማታከብረውንም ቄስ ኮሊንስን አገባች፤ ኦስተን አልፈረደችባትም፣ ነገር ግን የከፈለችውን ዋጋ አልሸሸገችም። ኤልሳቤጥን የወደደው ባለጸጋው ዳርሲ ደግሞ መጀመሪያ ለጋብቻ ሲጠይቃት የፍቅሩን ያህል የቤተሰቧን ዝቅተኛነት ዘረዘረላት፤ ይህም ንግግር ስድብ መሆኑ አልታየውም። ኩራት ሲጠና ባለቤቱ አያየውም፤ የደግነት ንግግር ሲናገር እንኳ በአፉ ይወጣል። የዳርሲ አክስት ጋብቻውን ልትከለክል በመጣች ጊዜ ኤልሳቤጥ በድፍረት መለሰችላት። በመልሷ ግን ትውልድ ዋጋ የለውም አላለችም፤ እሱም የጨዋ ልጅ ነው፣ እኔም የጨዋ ልጅ ነኝ፣ እስከዚህ ድረስ እኩል ነን በማለት ነው የተከራከረችው። ስለዚህ የኤልሳቤጥ ድፍረት ወሰን አለው። በመስመሩ ውስጥ ቦታዋን ታስከብራለች እንጂ መስመሩን ራሱን አትነካውም። የእጇ ቆዳ የሻከረ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ብትሆን ኖሮ በምን ቃል ትከራከር እንደነበር ኦስተን አልነገረችንም።

አሁን ወደ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት እንግባ። እዚያ ያለችው ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ከሻርሎት የባሰ ችግር አለባት። ሻርሎት የምታገባው አጥታ ትጨነቃለች፤ ሰብለ ወንጌል ግን የሚጠይቃት እያለ በአባቷ ኩራት ምክንያት ሳታገባ ቀረች። ለፊታውራሪ መሸሻ ከእሳቸው ዘር ጋር የሚመጣጠን ዘር በቀላሉ አይገኝም፤ በየጊዜው የሚመጣውን ሽማግሌ ሲመልሱ የልጃቸው ዕድሜ አለፈ። እኝህ ሰው ልጃቸውን አይጠሉም፤ ይወዷታል። ሐዲስን ታላቅ ደራሲ የሚያሰኛቸው አንዱ ነገር ይህ ነው። ክፉ ሰው ክፉ ሥራ ሲሠራ ማሳየት ቀላል ነው፤ የሚወድ አባት በገዛ ፍቅሩ ውስጥ ልጁን ሲያጠፋ ማሳየት ግን ከባድ ነው። በገበሬዎቹም ላይ የሚያደርጉት ከዚያው ምንጭ የመጣ ነው። ከልማዱ ውጭ የሆነ ግዴታ ሲጭኑባቸውና ገበሬዎቹ አንቀበልም ሲሏቸው ነገሩን የግብር ክርክር አድርገው አላዩትም፤ ክብራቸው የተደፈረ ሆኖ ታያቸው። ጦር ይዘው ዘመቱ፤ በአበጀ በለው በሚመራው የገበሬ ሠራዊትም ተማረኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩ አይነትም በዚሁ ሥርዓት ውስጥ አድገው ሥርዓቱን እንደ አየር የሚተነፍሱት ሴት ናቸው። በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ሰው ኩራቱን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም፤ ሁሉም እንደ ምግባር ይቆጥሩታል።

በዛብህ ደግሞ የፒፕን ዕጣ በሌላ መንገድ ይጋራል። የድሃው የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። በትምህርቱ በልጦ የታወቀ ስለሆነ የፊታውራሪው ልጅ አስተማሪ ሆኖ ወደዚያ ቤት ገባ። ፒፕን ያጠመደው ኀፍረት ነው፤ በዛብህን ያሰረው ግን ኅሊናው ነው። ሰብለ ወንጌልን መውደዱ በጌታው ላይ ድፍረት፣ በስለቱም ላይ ክሕደት መስሎ ይታየዋል። ከውጭ የፊታውራሪው ቁጣ፣ ከውስጥ የወላጆቹ ስለት ያስፈራሩታል፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚበረታ አንባቢው እስከ መጨረሻ አያውቅም። እኔ የውስጡ ይበረታ ነበር ባይ ነኝ። ከፊታውራሪ መሸሻ መሸሽ ይቻላል፤ በዛብህም ሸሽቶ አዲስ አበባ ገብቷል። ስለቱን ግን ይዞት ሄደ። ይህ እንግዲህ መግቢያዬ ላይ ያልኩትን ያስረዳል፤ ሥርዓት ጠባቂ ዘበኛ የማያስፈልገው በራሳችን ውስጥ ዘበኛ ሲያቆም ነው።

እዚህ ላይ ጥሩ አንባቢ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ። በዛብህ የሞተው በመንገድ ላይ ሽፍቶች አቁስለውት ነው እንጂ ፊታውራሪው ገድለውት አይደለም፤ እንግዲያው መጨረሻው አጋጣሚ ነው፣ ማኅበረሰቡ በምን ይከሰሳል? ይላል። ለዚህ የምሰጠው መልስ መንገዱም የማኅበረሰቡ አካል ነው የሚል ነው። ጌታ ሁሉ በየግዛቱ የራሱ ጦር ባለው፣ በደልም የሚመለሰው በጠመንጃ በሆነበት አገር ሽፍታ ከሰማይ የወረደ መዓት አይደለም፤ ከዚያው አፈር የበቀለ ነው። ደግሞም ሁለት ፍቅረኞች መንገድ ላይ የተገኙት ለምንድን ነው? በቤታቸው መጋባት ስላልቻሉ ነው። በዚህ ረገድ ከእንግሊዞቹ መጻሕፍት ያለው ልዩነት ብዙ ያስተምራል። ዳርሲና ኤልሳቤጥ ይጋባሉ፤ ማግዊች በአውስትራሊያ ይከብራል፤ ፒፕ ዕዳ ውስጥ ቢወድቅም ውጭ አገር ሄዶ በንግድ ቤት ሠርቶ ይኖራል። በዚያ አገር ንግዱ፣ ፋብሪካውና ቅኝ ግዛቱ የድሮውን መስመር እየሸረሸሩት፣ የጭካኔያቸውንም ያህል ማምለጫ ቀዳዳ እየከፈቱ ነበር። በበዛብህ ጎጃም ለተማረ ድሃ የተከፈተው በር ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ እሷም ክብር ትሰጠዋለች፣ በስለት ታስሮ ለመጣ ልጅ ግን ሚስት አትፈቅድም። ሰብለ ወንጌልም የተከተለችው በምንኩስና ልብስ ነው። ሐዲስ ታሪኩን በመቃብር የፈጸሙት እንባ ለማስፈሰስ ብለው አይደለም፤ ያ ማኅበረሰብ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች አብረው የሚኖሩበት ሌላ ቦታ ስላልነበረው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ጠባይን የሚሠራው ማኅበረሰብ ከሆነ ማንም በጥፋቱ ሊጠየቅ አይችልም ማለት ነው፤ ፊታውራሪውም ንጹሕ፣ ፒፕም ንጹሕ ይሆናሉ። ይህ ተቃውሞ እውነት ቢሆን ኖሮ ልብ ወለድ ሰዎችን በሙሉ ምስኪን ያደርጋቸው ነበር። ደራሲዎቹ ግን እንዳንስት በየመጽሐፉ ውስጥ በዚያው አየር አድጎ ሌላ ሰው የሆነ አንድ ሰው አስቀምጠዋል። ጆ ከፒፕ ይልቅ የሚናቅበት ምክንያት ነበረው፤ አላፈረም፣ አልመረረምም። ጉዱ ካሣ፣ ማለትም ካሣ ዳምጤ፣ ከሁሉም የበለጠ ይገርማል፤ የፊታውራሪው ዘመድ ነው፣ ከመስመሩ በላይ የተወለደ ነው፣ ሥርዓቱ የሚጠቅመው ሰው ነው። እያወቀ ግን ተቃወመው፤ ሰው ሠርቶት የቆመን ነገር ሰው ሊለውጠው እንደሚችል ያለ ፍርሃት ተናገረ። ስለዚህም ዘመዶቹ እብድ አሉት። ኤልሳቤጥ ያልደረሰችበትን ካሣ ደርሶበታል፤ እሷ እኔም የጨዋ ልጅ ነኝ ስትል እሱ ጨዋ የሚባል የተለየ ፍጡር የለም ይላል። የእነዚህ ሰዎች በመጽሐፉ መኖር ፊታውራሪ መሸሻን ተጠያቂ ያደርጋቸዋል፤ ሌላ መንገድ እንደነበረ ያሳያልና። ማኅበረሰብ ጠባያችንን ይዘራዋል፤ ሲበቅል መኮትኮቱ ወይም መንቀሉ ግን ከእኛ እጅ አይወጣም።

አንዳንድ ሐያስያን ጉዱ ካሣ ሰው ከመሆን ይልቅ የደራሲው አፍ ነው፣ ንግግሩም ይረዝማል ይላሉ። ከፊል እውነት አለበት። ዲክንስም «ሃርድ ታይምስ» በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ እንዲሁ ይከሰሳል፤ እዚያ የሚገኘው ግራድግራይንድ ከሰውነቱ ሐሳብነቱ ይበልጣል። ነገር ግን የካሣን ንግግር ብቸኝነቱ ሰው ያደርገዋል። የሚሰማው ሰው አጥቶ የኖረ ሰው ሰሚ ሲያገኝ ንግግሩ ቢረዝም አይገርምም። ሕዝቡም ፈርዷል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር ካሣን አወቀው፤ ልክ ዲክንስ በየሳምንቱ ሲታተም ማንበብ የማይችሉት አንባቢውን ከበው ይሰሙት እንደነበረው ማለት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዘመኑ አልፏል የሚለው ነው። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ባላባትና ጭሰኛ የሚባል ቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሰዎችን ሁሉ በሕግ ፊት እኩል አደረገ። ዛሬ ፊታውራሪ የለም፤ ስለ ፊታውራሪ ቤት ማውራት ለታሪክ ተማሪ ይተው ይባላል። እዚህ ላይ በሙሉ ልብ የምናገረው ነገር አለኝ፤ እናንተም በቅንነት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ። በዚህ በካፋ የማንጆ ማኅበረሰብ አለ። በጥንቱ የካፋ መንግሥት ዘመን የአገሩን ኬላ የሚጠብቁ፣ በአደን የታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ ኋላም ማገዶና ከሰል በማቅረብ ኖረዋል። ከእነሱ ጋር በአንድ ማዕድ መብላት፣ ቤታቸው መግባትና ቤት ማስገባት፣ ከሁሉም በላይ መጋባት ለብዙ ዘመን ነውር ተደርጎ ቆይቷል። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚበሉት ሥጋ ይጠቀሳል። ያን ሥጋ ከተዉ በኋላም ግን ንቀቱ አብሮ አልተወም፤ ይህም ምክንያቱ ሰበብ እንደነበር ያሳያል። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ እምነቶቹና ሕጉ ብዙ ነገር እንዳሻሻሉ አልክድም። ጋብቻ ላይ ሲደርስ ግን ስንቱ ቤት የፊታውራሪ መሸሻን መልስ እንደሚመልስ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ሦስት አዋጅ ያለፈ ነገር ዛሬም በማዕድና በጋብቻ ላይ ከቆመ፣ የቆመው በአዋጅ ሳይሆን በልብ ነው። ኤስቴላ በፒፕ እጅ ላይ የሳቀችበት ዓይን ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ ከማንጆ ልጅ ጎን መቀመጥን የሚሸሽ ልጅ ዓይን ነው። የተሸሸውም ልጅ ያን ዓይን ተቀብሎ ራሱን ሲያይበት ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

የቀረው መጀመሪያ ያቆየሁት ጥያቄ ነው፤ አሁን በጠንካራ መልኩ ላቅርበው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የጎጃም ልብ ወለድ ነው፤ የጎጃም ገበሬ ቢጨቆንም የራሱ ርስት፣ የራሱ ቋንቋና የራሱ አበጀ በለው ነበረው። ካፋ ግን በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ጋኪ ሼሮቾ ተይዘው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በገባርነትና በባሪያ ፈንጋይ የደረሰበት መከራ ከዚያ የከፋ ነው፤ ጌታውም የሚናገረው በሌላ ቋንቋ ነበር። ይህ ሁሉ በሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ የለም። እውነት ነው፤ የለም። ዲክንስም ማግዊችን ያከበረው የአውስትራሊያ መሬት የማን እንደነበረ አልጠየቀም። ታላላቅ መጻሕፍት ሁሉን አያዩም፤ ያላዩትን የሚያሳየን ከእነሱ ተምሮ የሚጽፍ ሌላ ሰው ነው። የካፋ ልብ ወለድ ደግሞ ከውጭ የመጣውን ጌታ ብቻ ከሶ ቢያበቃ ግማሽ ሥራ ይሆናል። ፊታውራሪው ከሩቅ መጣ፤ ማንጆን ከማዕድ ያራቀው እጅ ግን የገዛ ቤታችን እጅ ነው። ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ውስጥ የማሳየት ድፍረት ያለው ደራሲ ለዚህች አገር ያስፈልጋታል።

ስለዚህ ለአካባቢው መምህራንና ለቦንጋ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ጆ ለንደን ፒፕን ሊጠይቅ የመጣበትን ክፍልና ካሣ ከበዛብህ ጋር የሚነጋገርበትን ክፍል ወስደው ከከፍተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ጎን ለጎን ያንብቡ፤ የእንግሊዝኛውን ለተማሪ በሚገባ ቀለል ባለ አማርኛ ወይም በካፊኖኖ ማዘጋጀት ይቻላል። ከንባቡ በኋላ የደራሲውን ዓላማ የሚያስዘረዝር ጥያቄ አይጠየቅ። እያንዳንዱ ተማሪ በወረዳው ውስጥ አንድ ሰው ሊያገባ ፈልጎ በዘሩ ወይም በሙያው ምክንያት የተከለከለበትን ታሪክ ከአያቶቹ ጠይቆ፣ ስም ለውጦ፣ ከልካዩም የተከለከለውም በየራሳቸው ልብ ምን ያስቡ እንደነበር አስቦ ይጻፈው። የማንጆ ተማሪዎችም የራሳቸውን ቤት ታሪክ በራሳቸው ድምፅ ይጻፉ፤ ሌላው ስለ እነሱ የጻፈውን ያንብቡና ያልተስማሙበትን ለክፍሉ ያስረዱ።